የማሾው ሆድ ላይ የተጻፈው

ሰበታ ውስጥ፣ ከጅማው አውራ ጎዳና ገባ ብሎ፣ የላሜራ በር ያላት ጠባብ የጥገና ቤት አለች። ደጇ ላይ የተደረደረው ዕቃ ሥራዋን ይናገራል፤ የተቃጠለ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ሆዱ የተከፈተ ቴፕ፣ የውኃ ፓምፕ፣ ሁለት ሦስት ቡታጋዝ። ባለቤቱን ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» ይላቸዋል፤ ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ እኔም ከዚያ አላልፍም። የዚያን ዕለት ጠዋት ባንኮው ላይ የተቀመጠው ግን ደጅ ካለው ዕቃ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጥ ነበር፦ ጥቀርሻ የጠጣ፣ መስታወቱ የጠፋ፣ እጀታው በሽቦ የታሰረ ማሾ፣ በፓምፕ የሚነፋ የላምባ መብራት።

ያመጣው ወጣት የአንድ እድር ጸሐፊ ነው። የእድሩን መጋዘን ሲያጸዱ ከድንኳኑ ሸራና ከትልልቆቹ ድስቶች ሥር አገኙት። በዓመታዊው ስብሰባ ላይ ለአባላቱ ሊያሳዩት አስበዋል። «ጋሼ፣ ወርቅ እስኪመስል ይወልውሉልን፤ ከበራ ደግሞ እሰየው» አላቸው። ጋሼ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ዕቃውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብለው ብዙ ቆዩ።

«ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ ይነበባል» አሉ።

በላምባ የራሰ ጨርቅ ወስደው ጥቀርሻውን ብቻ ቀስ እያሉ ሲያነሱት፣ የነዳጅ ማጠራቀሚያው ሆድ ላይ የላቲን ፊደላት ብቅ አሉ፦ ፔትሮማክስ። ከሥሩ 829 የሚል ቁጥር፣ ከጎኑ ደግሞ 500 ሻማ የሚል የብርሃን ልክ። ማሾውን ወደ ኋላው ሲያዞሩት ሌላ ጽሑፍ ተገኘ። ይኸኛው የፋብሪካ አይደለም። በምስማር ጫፍ፣ ነጥብ በነጥብ የተመታ የእድሩ ስም ነው፤ በአማርኛ ፊደል፣ መስመሩ ወደ ታች እያዘቀዘቀ። ወጣቱ ስሙን ሲያነብ ድምፁ ተለወጠ። በወፍራሙ የብረት ሱፍ ተፈትጎ ቢሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍ ከጥቀርሻው ጋር አብሮ ይሄድ ነበር።

የፋብሪካው ጽሑፍ የሚወስደን በርሊን ነው። ኤሪሽ ኤንድ ግሬትስ የሚባል የመብራት ፋብሪካ ነበር፤ ባለቤቱ ማክስ ግሬትስ በ1910 እ.ኤ.አ. ግድም ላምባን አትንኖ የሚያበራ፣ በእጅ የሚያዝ መብራት ሠራና የነዳጁንና የራሱን ስም አጋብቶ ሰየመው። እሱ ብቻ አልነበረም። ስዊድኖች ፕሪመስ፣ ኦፕቲመስና ራዲየስ፣ እንግሊዞች ቲሊና ቫፓለክስ፣ አሜሪካኖች ኮልማን፣ የላይፕዚጎቹ ጀርመኖች ደግሞ ሃሳግ የሚባሉ አቻዎቹን ሠርተዋል። ሃሳግ በናዚ ዘመን ወደ ጦር መሣሪያ ዞሮ በሺሕ የሚቆጠሩ የማጎሪያ ካምፕ እስረኞችን በግዳጅ ያሠራ ኩባንያ ነው፤ ስሙን ማሾ ላይ ያገኘ ሰው ይህንንም ቢያውቅ አይከፋም። ግሬትስ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ ምዕራብ ጀርመኗ አልቴና ከተማ ተሻግሮ ሬዲዮና ቴሌቪዥንም ይሠራ ነበር። ስለዚህ አንድ ፔትሮማክስ ላይ «በርሊን» ወይም «አልቴና» የሚል ቃል ከተገኘ፣ ከጦርነቱ በፊት ይሁን በኋላ ለመለየት መንገድ ይከፍታል።

የጀርመኑን ቅርጽ ያልገለበጠ አገር ግን የለም ማለት ይቻላል። ፖርቱጋል ገልብጣለች፣ ሕንድ ገልብጣለች፣ ከሆንግ ኮንግና ከቻይና ደግሞ ቢራቢሮና መልሕቅ የተሳለባቸው ማሾዎች ዓለምን አጥለቅልቀዋል። ለዓይን ሁሉም አንድ ናቸው። ስለዚህ ጋሼ ከተሰበረ ድምፅ ማጉያ የፈቱትን ማግኔት ከመሳቢያ አውጥተው ከማሾው ጋር አገናኙት። ሆዱን አልያዘውም፤ ነሐስ ነውና። ሥሩ ካለው መቀመጫ ቀለበት ጋር ሲደርስ ግን ጥብቅ አለ።

ገለበጡት። የመጀመሪያው መቀመጫ ዝጎ አልቆ፣ አንድ ያልታወቀ እጅ በዘይት ቆርቆሮ ቀለበት ተክቶታል። ከውስጥ በኩል የቆርቆሮው ቀለም አልለቀቀም፤ ሁለት የተጨባበጡ እጆች ይታያሉ፤ የአሜሪካ እርዳታ ዘይት ይመጣበት በነበረው ጣሳ ላይ የነበሩት እጆች። የፓምፑ ዘንግም የራሱ አይደለም፤ ጥርሱ ከሌላ ማሾ የመጣ መሆኑን ይናገራል።

«ይኼ ቆሻሻ ይውጣልን» አለ ወጣቱ ቀለበቱን እያሳየ።

«ምኑ ነው ቆሻሻው?» አሉ ጋሼ፤ «ጀርመን የሠራው ያ ነው፤ ይኼ የእናንተ ነው።»

ከጋሼ ጋር የምስማማው እዚህ ላይ ነው። ውጭ አገር አሮጌ ማሾ የሚሰበስቡ ሰዎች ከፋብሪካ እንደወጣ ሆኖ ሲያዩት ይደሰታሉ፤ መብታቸው ነው። እኛ አገር የቀረ ማሾ ግን ግማሹ በእኛ ሰው የተሠራ ነው። እጀታው በሽቦ፣ መቀመጫው በቆርቆሮ፣ ማሸጊያው በጎማ ተተክቶ ነው ዛሬ የደረሰው። ይህን ነቅሎ «ኦሪጅናል» ዕቃ የሚገጥምበት ሰው በርሊንን ያድስና ሰበታን ይጥላል።

ጋሼ ማሾውን ከመፍታታቸው በፊት አሠራሩን ማወቅ ይበጃል። ኩራዝና ፋኖስ ክር አቃጥለው ያበራሉ፤ የሚያዩት ብርሃን የእሳቱ ነው። ማሾ እንደዚያ አይደለም። በፓምፕ አየር ሲገባበት ላምባው በግፊት ወደ ላይ ይወጣል። የሚወጣበት ቱቦ በነበልባሉ አጠገብ ስለሚያልፍ ይግላል፤ ላምባውም ፈሳሽነቱን ለቆ ትነት ይሆናል። ትነቱ መርፌ እንኳ በቅጡ በማያስገባ ቀዳዳ ተወርውሮ ከአየር ጋር ይቀላቀልና፣ ከሸክላ አፍንጫ ሥር በታሰረች የሻሽ ከረጢት ውስጥ በሰማያዊ ነበልባል ይነዳል። ዓይን የሚወጋው ነጭ ብርሃን የነበልባሉ አይደለም፤ የጋለችው የከረጢቷ አመድ ነው።

የከረጢቷ ነገር የኦስትሪያዊው ኬሚስት የካርል አውዌር ፎን ቬልስባኽ ሥራ ነው። በ1885 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የፈጠራ መብት አስመዘገበ፤ ብርሃኑ ግን አረንጓዴ እየሆነ፣ ከረጢቱም እየተሰባበረ አስቸገረው። በ1891 እ.ኤ.አ. 99 በመቶ ቶሪየም ኦክሳይድ ከ1 በመቶ ሴሪየም ኦክሳይድ ጋር ሲቀላቅል ነገሩ ሰመረ። ጨርቁ በዚህ ጨው ይነከራል፤ የመጀመሪያው ቀን ሲቃጠል ክሩ ጠፍቶ የኦክሳይዱ አጽም ብቻ ይቀራል። ቶሪየም መጠነኛ ጨረር ያለው ማዕድን ስለሆነ የአሮጌ ከረጢት አመድ እፍ ተብሎ አይጠረግም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይነሣል። ዛሬ ብዙዎቹ አምራቾች በምትኩ ኢትሪየም ይጠቀማሉ።

ጋሼ ሥራ የጀመሩት ከፓምፑ ነው። የፓምፑ ዘንግ ጫፍ ላይ ጽዋ የመሰለ ቆዳ አለ፤ ሲገፋ ግድግዳውን ታክኮ አየር ይጭናል፣ ሲሳብ ይሸበሸብና አየር ያስገባል። የእድሩ ማሾ ቆዳ እንደ ቋንጣ ደርቋል። አዲስ አልቆረጡለትም። በቀለጠ ሞራ ውስጥ ነክረው አሳደሩት፤ በማግሥቱ በጣታቸው እያሹ ጠርዙን ሲከፍቱት ለሰሰ። ከጫማ ሰፊ የተገኘ ቁራጭ ቆዳ በክብ ተቆርጦ መተካት ይችላል፤ ያለው ከዳነ ግን ያለው ይሻላል ባይ ናቸው።

ከፓምፑ ሥር አየሩን የሚያስገባና ላምባውን እንዳይመለስ የሚከለክል ትንሽ ቫልቭ አለ። ማሾ «ይነፋል ግን አይይዝም» ሲባል፣ ወይም ላምባ በፓምፑ በኩል ሲተፋ፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የዚህች ዕቃ ነው። ውስጧ ሽንብራ የማታህል ማሸጊያ አለች። የቀድሞው ጠጋኝ ከብስክሌት ካላማዳሪ ቆርጦ ተክቷታል፤ አሁን አብጣና ተጣብቃ ተገኘች። የካላማዳሪ ጎማ አየር እንጂ ላምባ አይችልም፤ ነዳጅ ሲነካው ያብጣል፣ ይላላል፣ መጨረሻው ዝልግልግ ነው። ነዳጅ የሚችለው ናይትራይል የሚባለው ጎማ ሲሆን፣ ከመኪና የነዳጅ መስመር ማሸጊያዎች ሊገኝ ይችላል። ጋሼ ስሙን አይጠሩትም፤ የተጠረጠረውን ጎማ ሁሉ ላምባ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ቀን ዘፍዝፈው ካላበጠ ያምኑታል። ከዚህ የተሻለ ፈተና አላውቅም። የድሮዋን ማሸጊያ ግን አልጣሏትም፤ በወረቀት ጠቅልለው ለጸሐፊው ሰጡት።

ማትነኛው ቱቦ ብዙ ትዕግሥት የሚበላው ክፍል ነው። ላምባ ለዓመታት ሲተን የሚተወው ካርቦን ከውስጥ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ዳዶው ደርቆ እምቢ ሲል በጉልበት የሚያዞር ሰው ነሐሱን ይጠመዝዘዋል። ጋሼ ላምባና የሞተር ዘይት ቀላቅለው አንጠባጠቡበት፤ ሻይ ጠጡ፤ አንድ ራዲዮ ሠሩ፤ ተመልሰው አንጠባጠቡ። በኋላ በትንሽ እሳት አሞቁትና በሁለት ቁልፍ ተቃራኒ ይዘው ሲያዞሩት «ቀጭ» አለ። ከቱቦው ውስጥ የሚያልፈው ቀጭን ዘንግ ጫፉ ላይ መርፌ አለው፤ ውጭ ያለችው መዘውር ስትዞር መርፌዋ ወጥታ ቀዳዳዋን ትጠርጋለች። መዘውሯ ላይ የተቀረጸው ቀስት ወደ ላይ ሲያይ መርፌዋ ቀዳዳው ውስጥ ናት፣ መንገዱም ዝግ ነው፤ ወደ ታች ሲዞር ይከፈታል። ቀዳዳዋን በሌላ ሽቦ መጎርጎር ክልክል ነው። ትንሽ ከሰፋች የሚወጣው ትነት ከአየሩ ይበዛል፣ መብራቱ ይቀላል፣ ይጤሳል፤ ያኔ አዲስ ከመግዛት ሌላ መድኃኒት የለውም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ደጁ ላይ የሚቆመው ሰው እየበዛ ሄደ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ በላይ የሆኑት ሁሉ ማሾ ላይ የሚናገሩት አላቸው። ማሾ የቤት መብራት አልነበረምና። ላምባ ይበላል፤ ቁጥር 829 የሆነው አንድ ሊትር ይዞ ስምንት ሰዓት ያህል ያበራል፤ ድምፁም ጠባቂ ያስፈልገኛል ይላል። ቤት ውስጥ ኩራዝ ይበቃ ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ ፋኖስ። ማሾ የሚወጣው ብዙ ሰው ሲሰበሰብ ነው፦ ለሠርግ ዳስ፣ ለለቅሶ ድንኳን፣ ለጠጅ ቤት፣ ለማታ ትምህርት። አንድ ቤት ብቻውን ሊገዛው የማይችለውን እድር ለሁሉም ይገዛል፤ ስለዚህ ማሾው ከድስቱና ከወንበሩ ጋር በንብረት መዝገብ ይሰፍራል፣ ስሙም በምስማር ይመታበታል፣ ጎረቤት እድር ተውሶ እንዳያስቀር። አንድ አዛውንት ልጅ ሳሉ በሠርግ ላይ ሥራቸው ማሾ መንፋት እንደነበር ነገሩን። ብርሃኑ ሲደክም ዳሱ በሙሉ ዞሮ የሚጮኸው በእሳቸው ላይ ነበር። «ሙሽራውን የሚያየው የለም፤ ሁሉ ዓይኑ እኔ ላይ» አሉ፤ አሁንም የኮሩ ይመስላሉ።

አዲስ አበባ ሽቦ ተዘርግቶላት እያለ ዙሪያዋ ያሉ ከተሞች ረጅም ጊዜ በዚህ ዓይነት ብርሃን ነው የኖሩት። የኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1956 እ.ኤ.አ. ነው፤ 43 ሜጋ ዋት ገደማ የሚያመነጨው የቆቃ ግድብ በ1960 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ። ከዚያም በኋላ ቢሆን ምሰሶ የተከለው ፋብሪካና ዋና መንገድ ላይ እንጂ ጓሮ ውስጥ አልነበረም። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ገበሬው ውሎው እርሻ ላይ ነውና ፊደል የሚቆጥረው ብዙ ቦታ ማታ ነበር፤ ማታ ደግሞ ጥቁር ሰሌዳ የሚታየው መብራት ካለ ነው። የዛሬ ልጆች ግን መብራት ሲጠፋ የሚያነሡት ስልካቸውን ነው፤ ገጠር ውስጥም በፀሐይ የሚሞላው ትንሽ መብራት ላምባውን እያስወጣው ነው። ጥሩ ነው፤ በኩራዝ ጢስ ዓይኑ የተቃጠለ ሰው ላምባን አይናፍቅም።

ከመለኮሱ በፊት ግፊቱ ተፈተነ። ማሾው ባዶውን ጥቂት ተነፍቶ በውኃ የተሞላ ባልዲ ውስጥ ገባ። ከግፊት መለኪያው፣ ከጌጁ፣ ሥር አረፋ ወጣ። ጋሼ ቪቴውን ፈትተው የእርሳስ ማሸጊያውን በአዲስ ለወጡት፤ እርሳስ ለስላሳ ስለሆነ ሲጠብቅ የነሐሱን ሸካራ ሁሉ ሞልቶ ይይዛል። ሁለተኛ ሲገባ አረፋ የለም።

ጽዳቱ ላይ ከጸሐፊው ጋር ትንሽ ተከራከሩ። ኒኬል የተቀባውን ክፍል በሳሙናና በለብ ያለ ውኃ ብቻ አጠቡት፤ ኒኬሉ ስስ ነው፣ አንዴ ከተፈተገ አይመለስም። የነሐሱን አረንጓዴ ዝገት በሎሚ ጭማቂ በነከሩት ጨርቅ ሸፍነው አነሡለት፤ ከዚያ ወዲያው አጠቡ። በአሲድ ውስጥ ሲያድር ነሐስ ውስጥ ያለው ዚንክ ይወጣና መዳቡ ብቻ ይቀራል፤ ዕቃው ሮዝ ይሆናል። ሮዝ የሆነ ማሾ ካያችሁ ሰው ቸኩሎበት ነው። የምስማሩ ጽሑፍ ያለበት ቦታ ጨርቅም አልነካው።

ከዚያ አዲስ የሻሽ ከረጢት ታሰረ፤ ከመርካቶ የመጣ ነው፤ ላምባው ተሞላ። ጋሼ ከሁሉ በፊት ወጣቱን አስጠነቀቁት፦ ለላምባ በተሠራ ማሾ ውስጥ ቤንዚን ፈጽሞ አይገባም። ቤንዚን በቀላሉ የሚተን ስለሆነ በጋለና ግፊት ባለበት ዕቃ ውስጥ ቦምብ ነው፤ የላምባ ዕቃ ውስጥ ቤንዚን ተቀላቅሎ የተቃጠለ ቤት ብዙ ነው። ቱቦውን በምታሞቀው ትንሽ ጭልፋ ላይ አልኮል ፈስሶ ተለኮሰ። አልኮል ሲጠፋ ዱሮ በዳግም አረቄ ይለኩሱ እንደነበር ሲናገሩ ደጅ ያሉት ሳቁ፤ «ግማሹ ለማሾ፣ ግማሹ ለለኳሹ» አለ አንዱ። ሰማያዊው ነበልባል ሊያልቅ ሲል ቀስቱ ወደ ታች ዞረ። ከረጢቷ መጀመሪያ ጠቆረች፣ ተሸበሸበች፣ ከዚያ ከአንድ ጎኗ ነጣ ብላ ሙሉዋን በራች። ፓምፑ ጥቂት ሲጨመርበት ያ የታወቀው ፉጨት ወጣ። ቀትር ስለነበረ ብርሃኑ ለዓይን ያን ያህል አልነበረም። ሰዎቹ ግን ድምፁን ነበር የሚያዳምጡት።

ቡራዩ ላይ ያየሁት የዚህ ተቃራኒ ነው። ቡራዩ ዛሬ እንደ ሰበታና እንደ ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃላለች፤ የአምቦው መንገድ ግን ያው መንገድ ነው፣ የውራጅ ብረት ግቢዎቹም ያው ናቸው። ቁራሌው ከየቤቱ የለቀመው እዚህ ይመዘናል፤ ብረት ለብቻ፣ አሉሚኒየም ለብቻ፣ ነሐስና መዳብ ለብቻ። ከነሐሱ ክምር ውስጥ የሦስት ማሾ ሆድ ቆጠርኩ። መስታወታቸው፣ ቆባቸው፣ ቱቧቸው የለም፤ ብረት የሆነው ሁሉ ተገንጥሎ ወደ ብረቱ ክምር ሄዷል። የቀረውም በኪሎ ይሸጥና መርካቶ ምናለሽ ተራ ወይም ማቅለጫ ይገባል።

አንደኛው ሆድ ሰፊና ዝቅ ያለ ነው፤ ጌጅ የለውም። የእንግሊዞቹ ዓይነት ነው። እነዚህን ከጀርመኑ ቤተሰብ ለመለየት ስም ማንበብም አያስፈልግም። ፔትሮማክስና ገልባጮቹ ላይ ትነት የሚሠራው ቱቦ ከከረጢቱ ጎን ይወጣል፣ ከረጢቷም ከላይ ወደ ታች ትንጠለጠላለች። ቲሊና ቫፓለክስ ላይ ቱቦው መሐል ለመሐል ቀጥ ብሎ ይወጣና ከረጢቱ ዙሪያውን ያቅፈዋል። አሜሪካዊው ኮልማን ደግሞ ለአጣሪ ይመቻል፤ ሥሩ ላይ በአንድ በኩል ወሩ፣ በሌላው ዓመቱ ተመትቷል፤ 7 እና 62 ካለ ሐምሌ 1962 እ.ኤ.አ. ማለት ነው። ያ ዓመት የመጀመሪያዎቹ የሰላም ጓድ መምህራን ኢትዮጵያ የገቡበት ነው፤ ሻንጣቸው ውስጥ ምን እንደነበር ባላይም፣ ኮልማን ያገኘሁ ቀን እነሱን ማሰቤ አይቀርም።

የቡራዩውን ሆድ ገልብጬ ቆሻሻውን በአውራ ጣቴ ስጠርገው ሰፊ ጫማ ያላት አጭር ቀስት አገኘሁ። ይህች ቀስት የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት ምልክት ናት፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለጦሩ የተሠሩ ቫፓለክሶች ላይ ከነዓመቷ ትመታለች። ቫፓለክስን የሚሠራው ዊሊስ ኤንድ ቤትስ የሃሊፋክስ ከተማ ፋብሪካ ነበር፤ ቫፓለክስን መሥራት የጀመረው በ1938 እ.ኤ.አ. ነው። ጣሊያን በ1941 እ.ኤ.አ. ሲባረር ከአርበኞቻችንና ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የገባው የእንግሊዝ ጦር ለዓመታት እዚህ ቆይቷል። ከቡራዩ በዚሁ መንገድ ወደ ምዕራብ ብትነዱ ሆለታ ትደርሳላችሁ፤ እዚያ ደግሞ ከወረራው በፊት የስዊድን መኮንኖች በቪኪንግ ታም መሪነት የጦር ትምህርት ቤት ያቋቋሙበት ነው። የአምቦ መንገድ ዳር የስዊድን ወይም የእንግሊዝ ማሾ ማግኘት የሚያስደንቅ አይደለም። የሚያስደንቀው በኪሎ መሸጡ ነው። የግቢው ሠራተኛ ቀስቷን ሳሳየው «ለነሐሱ ዋጋ አይጨምርለትም» አለኝ። ልክ ነው፣ አይጨምርም።

ሱሉልታ የሄድነው ከጋሼ ጋር ነው። እንጦጦን ወጥተን፣ በጎጃሙ መንገድ ወርደን፣ የሣር ነዶ የተከመረበት ሜዳ ጋር ስንደርስ አንድ ወጣት መንገድ ዳር ጠበቀን፤ ጋሼን ያስጠራቸው እሱ ነው። ሱሉልታ የወተትና የሣር አገር ናት። የእናቱ ቤት ከበረቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ማሾውም በረቱ ውስጥ፣ ከላሞቹ በላይ፣ ከማገሩ ላይ ተሰቅሏል።

እናትየውን አዴ እያልን ነበር የምናነጋግራቸው። «ላም ማታ ስትወልድ በዚህ ነው የምናያት» አሉ፤ «ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ አልበራም። ግን ምንም አልሆነም፤ እዩት።» እውነትም ካየኋቸው ሁሉ ያማረው ይህ ነበር። ኒኬሉ አልተላጠም፣ መስታወቱ ሙሉ ነው፣ አንድም ስርጉድ የለበትም። ልጁ ወዲያው እንዲበራ ቸኩሏል። ጋሼ ከኪሳቸው ማጉያ መነጽር አወጡና የሆዱን ትከሻ፣ ነሐሱ በፋብሪካ ተጎትቶ የታጠፈበትን ቦታ፣ ዞሩት። ከዚያ ሳሙና የተበጠበጠበት ውኃ ጠይቀው ቀቡትና ፓምፑን ሦስት አራት ጊዜ ብቻ መቱ። ትከሻው ላይ፣ ክር ባለበት ሳይሆን ሙሉ በሆነው ነሐስ ላይ፣ ጥቃቅን አረፋ በመስመር ተሰለፈ። ስንጥቁ በባዶ ዓይን አይታይም።

ይህ በሽታ የታወቀ ነው፤ መነሻ ታሪኩም የወታደር ነው። ሕንድ የነበረው የእንግሊዝ ጦር የጥይት ቀለሃዎች በዝናቡ ወራት ሳይነኩ እየተሰነጠቁ ያስቸግሩት ነበር፤ ጥይቱ የሚቀመጠው በፈረስ ጋጥ አካባቢ ነው። በ1921 እ.ኤ.አ. ሙር፣ ቤኪንሰልና ማሊንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ምክንያቱን አብራሩት፦ ከእንስሳት ሽንት የሚወጣው አሞኒያ ነው። ነሐስ ሲታጠፍና ሲጎተት ውስጡ የታመቀ ውጥረት ይቀራል። እርጥበትና አሞኒያ ሲያገኘው ውጥረቱ ባለበት ቦታ ተሰንጥቆ ይከፈታል፤ ማንም ሳይመታው፣ ቆሞ ሳለ። የማሾ ሆድ ደግሞ ከስስ ነሐስ ተጎትቶ የተሠራ ነው። አዴ ማሾውን እንዳይጠፋ የሰቀሉበት ቦታ ለነሐስ ከሁሉ የከፋው ቦታ ነበር፤ ከታች ላሞቹ፣ ከላይ የክረምቱ እርጥበት። ብዙዎቹ ነሐስ ማብለጭለጫ ፈሳሾችም አሞኒያ ስላለባቸው፣ ወርቅ እስኪመስል የሚወለወል ማሾ ከውጭ ሲያምር ትከሻው ላይ ይህንኑ ሊያተርፍ ይችላል። ሰበታ ላይ ጋሼ ጠርሙስ ሳይከፍቱ በሳሙናና በሎሚ የተወሰኑት ለዚህ ነው።

«በካውያ አይዘጋም?» አለ ልጁ።

«ውኃ ቢሆን እዘጋው ነበር። ይኼ የተጨመቀ ላምባ ነው፣ ከአጠገቡም እሳት አለ። ዛሬ እዚህ ብዘጋው ነገ እዚያ ጋ ይከፈታል» አሉ ጋሼ። ልጁ ሌላ ሐሳብ አመጣ፤ ሆዱን በስቶ የኤሌክትሪክ ሽቦ ማስገባትና አምፖል መግጠም። ከተማ ውስጥ በምግብ ቤቶች ግድግዳ ላይ እንዲህ የተደረጉ አይቻለሁ፤ ነሐስ የበሳ ሰው ቀዳዳውን መልሶ አይደፍነውም። አምፖል የግድ ከተፈለገ ሽቦው በቆቡ በኩል ወርዶ ከረጢቷ በነበረችበት ቦታ ቢንጠለጠል ምንም አይበሳም። ጋሼም ይህንኑ ነገሩት፤ ልጁ ግን ሐሳቡ የቀዘቀዘበት ይመስላል።

ማሾው ሳይበራ ሊቀመጥ ተወሰነ። ጋሼ የቀረውን ላምባ ገልብጠው አስወጡት፤ ቆሞ የሚከርም ላምባ ወፍሮ ሙጫ ይሆናል፣ ውኃም ካለበት ሆዱን ከውስጥ ይበላዋል። የአየሩን ቪቴ አላልተው ተዉት፣ ማሸጊያው ተጨቁኖ እንዳይቀር። የፓምፑን ቆዳ በሞራ አሹት። ከሽቦ ጋር አንድ ወረቀት አሰሩበት፤ «ሆዱ ተሰንጥቋል፤ አይነፋም» የሚል፣ በሁለት ቋንቋ፣ በልጁ እጅ የተጻፈ። የሚቀጥለው ባለ ማጉያ መነጽር ላይሆን ይችላልና።

አዴ ሁሉን ዝም ብለው ሲከታተሉ ቆዩ። በረቱ ለማሾ የማይሆን ከሆነ የት ይስቀሉት? ቤት ውስጥ የጢስ ነገር አለ፤ ጓዳው ጠባብ ነው።

«የፍየሎቹ ቤትስ?» አሉ።

«እነሱም ይሸናሉ እኮ አዴ» አሉ ጋሼ፤ ማሾውን አንሥተው ወደ ዋናው ቤት ይዘውት ገቡ።